ባንኮክ ለሁለት

ከብዙ ቁጠባ በኋላ “እስቲ ዘንድሮ ሁለታችን ብቻ ወጣ እንበል” የተባባላችሁ ባለትዳሮች! ምናልባት ምርጫችሁ የታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላለ ብዙ ወገኖቻችን ለንግድና ለሕክምና ተመላልሰውባታል። ለዕረፍት ካሰባችኋት ግን ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ የምንሄደው ለማረፍ ነው ወይስ ለመገብየት?

እኔና ባለቤቴ ይህን ሳንነጋገር ነበር የሄድነው። የዘመድ አዝማዱ “አምጡልኝ” ሁለት ገጽ ሞልቷል። ቅዳሜና እሑድ በሚደራው የቻቱቻክ ገበያ፣ በሺህ በሚቆጠሩ ሱቆች መካከል ሁለት ቀን ሙሉ በሙቀት ተንከራተትን። የእሑድ አምልኮ አመለጠን። ማታ ሆቴል ስንገባ እግራችን አብጦ፣ ኪሳችን ሳስቶ፣ እኛም ተኳርፈን ነበር። ለሌላው ስንሮጥ እርስ በርስ ተረሳስተናል።

ስለዚህ የስጦታውን ገንዘብ እዚሁ ወስኑ፤ ለግዢውም ግማሽ ቀን ይበቃል። ዘመድን በፍቅር “አልቻልንም” ማለት ኃጢአት አይደለም።

ጊዜውንም ምረጡ። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ደረቅና ቀለል ያለ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናብ ነው። የቪዛ ደንብ ስለሚለዋወጥ ኤምባሲውን ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ። ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት መሙላት ያስፈልጋል፤ ክፍያ የለውም።

ሆቴላችሁ ከጭፈራ ቤቶች ሰፈር የራቀ፣ ለባቡር ጣቢያ የቀረበ ይሁን። የከተማዋ የመኪና መጨናነቅ ቀን ይበላል፤ ከመንገዱ በላይ የሚሄደው ባቡርና የቻው ፕራያ ወንዝ የሕዝብ ጀልባ ግን ያሳርፋሉ። በቀን አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ጠዋት በሉምፒኒ መናፈሻ ተንሸራሸሩ፤ ከኩሬው የሚወጡት ትልልቅ አርጃኖዎች ያስገርሟችኋል። በታላቁ ቤተ መንግሥት አካባቢ “ዛሬ ዝግ ነው” ብሎ ወደ ዕንቁ ሱቅ ሊወስዳችሁ የሚሞክር ቢመጣ፣ አመስግናችሁ ወደ በሩ ሂዱ። የቡድሃ ቤተ መቅደሶችን ስለ መጎብኘትም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የአንዳችሁ ኅሊና ካልፈቀደ ሌላው አይጫነው።

እሑድን ለጌታ ለዩ። በታይላንድ ክርስቲያኖች ከመቶ አንድ ያህል ቢሆኑም፣ በባንኮክ በእንግሊዝኛ የሚያመልኩ ጉባኤዎች አሉ። ሚሲዮናዊው ሐኪም ዳን ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1835 ወደዚህች ከተማ መጥቶ በሕክምናና በኅትመት አገልግሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1873 እዚያው ዐረፈ። እናንተ የምትቀመጡበት የአምልኮ ወንበር ከእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ድካም በኋላ የመጣ ነው።

ጌታችን ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱ እህል የሚቀምሱበት ጊዜ እንኳ ባጡ ጊዜ፣ ለብቻቸው ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ ነግሯቸዋል (ማርቆስ 6፥31)። እኛም ይህን ያስታወስነው በመጨረሻው ምሽት ነው። ዝርዝሩን ሻንጣ ውስጥ ከትተን ጀልባ ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ “ይቅር በይኝ” አለኝ፤ እኔም አልኩት። ከተጋባን ወዲህ እንዲያ ተረጋግተን ካወራን ቆይተን ነበር። እናንተ ግን እስከ መጨረሻው ምሽት አትጠብቁ።

ጌታ መንገዳችሁን ያቅና!