የበለሱ ጥፍጥፍና የወርቁ ቅንጣት



«ከተጸለየልን በኋላ ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት ነው ወይ?» በመርካቶ የምንነግድና በየሳምንቱ ለጸሎት የምንገናኝ ቅዱሳን ይህን ጥያቄ ደጋግመን ሰምተናል። ዘንድሮ ግን ከመካከላችን ተነሣ። ሸማ ተራ የምትነግድ እህታችን የጡት ካንሰር ታማ ኬሞቴራፒ ጀምራ ነበር። ከሁለተኛው ዙር በኋላ አንድ ሰው «ተፈውሰሻል፤ መድኃኒቱን ተዪው» አላት። ብትቀጥል ጌታን የምታሳዝን፣ ብታቆም ልጆቿን ያለ እናት የምታስቀር መሰላት።

አብረን ኢሳይያስ 38ን ከፈትን። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፣ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት። የተስፋውን ቃል ያመጣለት ያው ነቢይ ግን በእብጠቱ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ። ቃሉና በለሱ አልተጣሉም።

በዘመናችንም እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ጥበብ ያስደንቃል። አዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሄመን በቀለ፣ በልጅነቱ እዚህ በፀሐይ ሲሠሩ ያያቸው ሰዎች ትዝ እያሉት ለቆዳ ካንሰር የሚሆን ሳሙና አሰበ። መድኃኒቱ ከታጠቡ በኋላም ቆዳ ላይ እንዲቆይ ናኖ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን ተጠቀመ። እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ14 ዓመቱ፣ በአሜሪካ የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጣ።

በቴክሳስ፣ በራይስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሌላ ምርምር ደግሞ ቅንጣቶቹን በወርቅ ይለብጣል። በደም ሥር ሲሰጡ በዕጢው ውስጥ ይከማቻሉ። ከዚያ ሐኪሙ የሌዘር ብርሃን ያበራባቸዋል። ብርሃኑ ጤናማውን ሥጋ ብዙም ሳይጎዳ ያልፋል፤ ወርቁ ግን ብርሃኑን ወደ ሙቀት ይለውጥና ካንሰሩን ያቃጥላል። በ16 የፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል።

ሙቀቱ ብቻውን ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ብርሃን በሰውነት ውስጥ ርቆ አይዘልቅም፤ ወደ ሌላ ቦታ የተሠራጨውንም ካንሰር አያገኝም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከኬሞቴራፒ ወይም የሰውነትን መከላከያ ከሚያነቃ መድኃኒት ጋር ሊያጣምሩት ይሞክራሉ። ሙቀቱ ሴሉን ሲያዳክመው መድኃኒቱ በቀላሉ ይገባል። ከሳይንሱ እንኳ የምንማረው አንዱ ሌላውን እንደማይተካ፣ ይልቁንም እንደሚያግዘው ነው።

እህታችን የምትወስደው የወርቁን ሕክምና አይደለም፤ እሱ ገና በምርምር ላይ ነው። የተለመደውን ኬሞቴራፒ ልትቀጥል ወደ ሐኪሟ ተመልሳለች። በቀጠሮዋ ቀን አንዳችን ሱቋን እንጠብቃለን፣ አንዳችን አጠገቧ እንቀመጣለን፣ የቀረነው እንጸልያለን። ዕድሜዋ በጌታ እጅ ነው።

በሕክምና ላይ ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ መድኃኒት አታቋርጡ፤ ጸሎትንም አትተዉ። ታማሚ ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ «እንጸልይልሃለን» ካላችሁ በኋላ «ቀጠሮህ መቼ ነው? አብረን እንሂድ» በሉት።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።