የቡና አበባና የስም መጥሪያ

ሽርሽር ሲባል ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከጓደኛዬ ጋር በሸቤ በእግሬ ስዘዋወር ያገኘሁት ትምህርት ግን ለሁላችንም ሙያ ይበጃል ብዬ ስላመንኩ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

ሸቤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና አገር ናት፤ ጓደኛዬም ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው። የደረስነው የካቲት ላይ ዝናብ ከጣለ በአሥረኛው ቀን ነበር። ቡና በጋውን እምቡጡን እንደቋጠረ ይከርምና ዝናብ ሲያገኝ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ያብባል። ነጭ አበባው ቅርንጫፉን ሲሸፍነው፣ መዓዛው ሰውን ገና ከመንገድ ይቀበላል። ዕድሜው ግን ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው።

የሚያስቸኩለን ጉዳይ አልነበረምና በሰሳና በዋንዛው ጥላ ሥር ቀስ እያልን ሄድን። እኔም በጃፓን አገር ሳኩራ የሚሉት ዛፍ ሲያብብ ሕዝቡ ከሥሩ ተቀምጦ እየበላ እየጠጣ እንደሚውል፣ የትምህርት ዓመታቸውም በዚያው ሰሞን እንደሚከፈት አጫወትኩት። ጓደኛዬ ሳቀና፣

«እኛ ደግሞ አበባ ስናይ እንቆጥራለን» አለኝ።

«ምኑን?»

«ወሩን ነዋ! ከአበባው እስከ ቀይ ፍሬው ስምንት ወር ያህል ነው። የየካቲት አበባ ጥቅምት ላይ ይለቀማል።»

ቤታቸው ስንደርስ እናቱ ቡና አፍልተው ጠበቁን። «አበባውስ መጣልን ልጆቼ፤ ተከታዩ ዝናብ ከቀረ ግን ፍሬ አይዝም» አሉን። የታናሽ ወንድሙ ደብተርና ልብስ የሚገዛው ከዚያ ፍሬ ነው። ልጁ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለቀማ ሲደርስ ቅርጫት ይዞ ይወጣል።

ስንመለስ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኔም በሱ ዕድሜ ኅዳር በመጣ ቁጥር ‹ቀሪ› እየተባልኩ ሰነፍ የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። የት ነበርክ ብሎ የጠየቀኝ አስተማሪ አልነበረም» አለኝ።

እንግዲህ እጩ መምህራን ሆይ! ብዙዎቻችን ቡና አምራች ቀበሌ መመደባችን አይቀርም። አበባው የፈነዳበትን ቀን እንመዝግብ። በዚያው ሰሞን ተማሪዎቻችንን ይዘን እንውጣ፤ የአበባ ክፍሎችን ለማስተማር ከዚያ የተሻለ መርጃ መሣሪያ የት ይገኛል? ከዚያም ስምንት ወር እንዲቆጥሩ የሒሳብ ጥያቄ እንስጣቸው። መልሱ ለእኛም ይጠቅመናል፤ በለቀማው ሳምንት ፈተና እንዳንሰጥ፣ ለሚቀሩትም የማካካሻ ትምህርት አስቀድመን እንድናዘጋጅ ይረዳናል።

ስም ስንጠራ «ቀሪ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ልጁ የት እንደዋለ ማወቅ ግን የመምህር ሥራ ነው።

ቸር ይግጠመን!