አረንጓዴው በቀኝ፣ ቀዩ በግራ

ሬዲዮ በማጥናት ጀምሮ፣ ጋዜጠኝነት አስተምሮ፣ መጨረሻ ላይ ዲጂታል ሚዲያ ውስጥ የገባ ሰው የሥራ ማስረጃውን ሲያቀርብ ቀጣሪዎች ግራ ይጋባሉ። ሦስት ጊዜ ሙያ የለዋወጠ ይመስላቸዋል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያው አንድ ጥያቄ ላይ የሙጥኝ ያለ ነው ባይ ነኝ፦ «ማን እየሰማን ነው?» በቸገረው ቀን ደግሞ «እየሰሙን ነው ወይስ እያንቀላፉብን?» ይላል።

ጥያቄውን ቀድመው በቁም ነገር ከያዙት አንዱ ፖል ላዛርስፌልድ ነው። የቪየና ልጅ፣ በትምህርቱ የሒሳብ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኦስትሪያ ሬዲዮ አድማጮች ምን መስማት እንደሚፈልጉ ለማወቅ መጠይቅ ተበተነና 110,312 ሰው መለሰ። ያን ሁሉ ወረቀት የለዩትን የላዛርስፌልድን ሠራተኞች ሳስብ ጀርባዬን ያመኛል። ኋላ ላዛርስፌልድ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በ1937 በፕሪንስተን የተቋቋመውን የሬዲዮ ጥናት ቢሮ መራ። እዚያ ከፍራንክ ስታንተን ጋር ሆኖ አንድ ጉደኛ መሣሪያ ሠራ። አድማጩ በቀኝ እጁ አረንጓዴ ቁልፍ፣ በግራው ቀይ ቁልፍ ይዞ ይቀመጣል። የሚሰማው ነገር ደስ ሲለው አረንጓዴውን ይጫናል፤ ሲሰለቸው ቀዩን፤ ምንም ካልመሰለው ሁለቱንም አይነካም። ወዲያ በኩል ወረቀት እየተጠቀለለ፣ ብዕር የጣቶቹን ፍርድ ይጽፋል። (ስታንተን ከጥናት ተነስቶ ከ1946 እስከ 1971 የአሜሪካው ማሰራጫ ድርጅት የሲቢኤስ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሬዲዮ ማጥናት እንጀራ አያበላም የሚሉ ይስሙ።)

እኔን የሚገርመኝ ግን ከቁልፉ በኋላ የሚመጣው ነው። በኖቬምበር 1941 ላዛርስፌልድ፣ ሮበርት ሜርተን የተባለውን የሶሲዮሎጂ ምሁር ከነባለቤቱ እራት ጠራ። እንግዶቹ ደረሱ፤ ጋባዡ ግን ወይዛዝርቱን ከእራቱ ጋር ትቶ ሜርተንን ወደ ሙከራው ቦታ ይዞት ሄደ። ሜርተን ቁልፍ ሲጫኑ የነበሩት አድማጮች ሲጠየቁ ተመለከተና ጠያቂው አላረካውም፤ የታየውን ጉድለት በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ ለላዛርስፌልድ ያቀብለው ጀመር። በመጨረሻ «እንግዲያው አንተ ጠይቅ» ተባለና ቀጣዩን ቡድን ራሱ አነጋገረ። ቁልፉ «እዚህ ጋ ጠላሁት» ይላል፤ «ለምን?» የሚለውን የሚያወጣው ጭውውቱ ነው። ዛሬ አድማጭን ሰብስቦ ማወያየት የሚባለው የጥናት ዘዴ የዚያ ምሽት ዘር አለበት። ሁለቱ ሰዎችም እስከ ላዛርስፌልድ ሞት ድረስ አብረው ሠሩ። ወይዛዝርቱ በዚያ ምሽት ምን እንዳሉ ያጠና የለም።

እዚያው ቢሮ የምትሠራው ሄርታ ሄርዞግ ደግሞ በየቀኑ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ የሚሰሙ ሴቶችን አነጋገረች። የተማረው ሁሉ በሚንቀው ድራማ ውስጥ ሴቶቹ ማልቀሻ፣ ማለሚያ፣ ደግሞም ባልና ልጅ የሚያዝበትን ምክር ያገኙ ነበር። በቁጥር ብቻ ይህ እንዴት ይገኛል?

በእኛ አገር ምርምሩን አድማጩ ራሱ በፖስታ ይልከው ነበር። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ሲተላለፍ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤ የሚጽፈው ግን ወረቀት፣ ቴምብርና ድፍረት ያለው ነው። ከጀርባው ያሉትን ማን ይቆጥራል? በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ቤተሰቡ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ በር ላይ ቆሞ «አልገባም፣ እዚሁ ልስማ» የሚል አለ። የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው በየትኛውም መጠይቅ «ታማኝ አድማጭ» ተብሎ አልተመዘገበም፤ ከእሱ የበለጠ ታማኝ ግን አላውቅም።

አዲስ አበባ ላይ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ታክሲ ጥሩ የጥናት ጣቢያ ሆኖልኛል። ጣቢያ የሚመርጠው ሾፌሩ ነው፤ ለአሥራ ምናምን ሰው በአንድ አውራ ጣት ይወስናል። ተሳፋሪው አረንጓዴም ቀይም ቁልፍ የለውም። ሆኖም ትረካው ሲጥም ይታወቃል፦ ስልክ የሚያወራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ረዳቱ መልስ እየቆጠረ ጣቱ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ከኋላ አንዷ «ትንሽ ጨምርልን» ትላለች። ማስታወቂያ ሲገባ ሁሉም ወሬው ትዝ ይለዋል።

ዲጂታሉ መጣና ቁልፉን መለሰልን። ፌስቡክ ላይክን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የላዛርስፌልድ አረንጓዴ ማለት ነው፣ ቀዩን ትቶ። ቅደም ተከተሉም ተገለባበጠ፤ ቢቢሲ አማርኛ እ.ኤ.አ. በ2017 በድረ ገጽና በፌስቡክ ጀምሮ ነው ኋላ ሬዲዮ የጨመረው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ዛሬ ዩቲዩብ ላይ አለ። ድሮ ምዕራፉ ያመለጠው ሰው ከጎረቤት ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ዓረብ አገር ያለች ልጅ ሰው ቤት እየሠራች፣ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ታስጀምረዋለች፣ ስትጠራ ታቆመዋለች።

ይሄኔ አዘጋጁ ቢሮው ተቀምጦ የእይታ ሠንጠረዡን ያያል። በ7ኛው ደቂቃ ብዙ ሰው ወጥቷል ይለዋል። ስብሰባ ይጠራል፤ ዝግጅቱ ረዝሟል፣ ይጠር፣ መግቢያው ላይ ሙዚቃ ይጨመር ይባላል። ሰውየው የወጣው የኢንተርኔት ጥቅሉ አልቆ ይሁን፣ መብራት ጠፍቶ፣ ወይ ያቺን ልጅ እመቤቷ ጠርታት፣ ሠንጠረዡ አያውቅም። የሚያሳዝነው አለማወቁ አይደለም፤ ስብሰባው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቅ መምሰሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ከቁልፉ በኋላ አንድ ሰው ወንበር ስቦ «ለምን?» ይል ነበር። እኛ ቁልፉን ወርሰን ጠያቂውን አሰናበትነው።

ስለዚህ ጋዜጠኝነት የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ የላይክና የእይታ ትንተናውን አስተምሩ፣ አልከለክልም። ግን ከፈተናው በፊት ተማሪዎቻችሁን አንድ ሳምንት ታክሲ አሳፍሯቸው፤ ሰው ምን ሲሰማ ዝም እንደሚል ጽፈው ይምጡ፤ አንድ ሁለቱንም ተሳፋሪ «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። የታክሲውን ሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ይቻል።