ስለ ሥራ መጠየቂያ ወረቀትና ስለ ቢሮ አነጋገር

ሥራ የሚፈልግ ሰው ከራሱ አስቀድሞ የሚልከው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱም በማያውቀው ሰው ፊት ብቻውን ቆሞ ስለ ላኪው ይመሰክራል። እኛም በችሎት ጸሐፊነታችን የምስክር ቃል መጻፍ የዕለት ተግባራችን ስለ ሆነ፣ ልጆቻቸውን ለሥራ የሚያሰናዱ ክቡራን አንባቢዎች ይጠቀሙበት እንደ ሆነ ብለን ያየነውን ጥቂት ነገር ልንጽፍ ወደድን።

ከዘመዶቻችን አንድ ወጣት በዕቃ ግምጃ ቤት ሰባት ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ የውጭ አገር ሰዎች ወደሚያስተዳድሩት ድርጅት ለመግባት የሥራ ታሪኩን ጽፎ ላከ። ዛሬ ሰው ሁሉ ሲቪ የሚለው ይኸው ነው፤ ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜውም የሕይወት ሩጫ ማለት ነው። ወጣቱ ትምህርቱን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ፈጽሞ በጥር 2009 ዓ.ም. ሥራ ገብቷል። በወረቀቱ ላይ ግን የመጀመሪያውን በእኛ አቈጣጠር 2008፣ ሁለተኛውን በፈረንጅ አቈጣጠር 2017 ብሎ፣ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ሳይገልጽ አኖረው። የስድስት ወር ጊዜ የዘጠኝ ዓመት መሰለ።

ለቃለ መጠይቅ በቀረበ ጊዜ ጠያቂው ሽማግሌ፣ «ዘጠኙን ዓመት የት ነበርህ?» አሉት። ልጁም በአሳዳጊዎቹ ሥርዓት ታላቅን ፊት ለፊት ማረም ነውር መስሎት፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ዝም አለ። በእኛ ዘንድ አክብሮት የሆነው በእርሳቸው ዘንድ የተሰወረ ነገር እንዳለ ተቈጠረና ሥራው ለሌላ ተሰጠ። እናቱ ግን በዚያ ደመወዝ የታናሽ እኅቱን የትምህርት ቤት ክፍያ አስባ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኛ መጣ። ትጉህ፣ ታማኝ፣ ታዛዥ የሚል ቃል ተደርድሮበት፣ የሠራው ሥራ በአንድ መሥመር አልቋል። ምስክር እንደምንጠይቅ አድርገን ምን ሠራህ፣ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል ብለን ጠየቅነው። በሰባት ዓመት ቈጠራ ሁሉ አንድ ጊዜም ጉድለት እንዳልተገኘበት፣ የግምጃ ቤቱንም መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያዛወረው እርሱ እንደ ሆነ ነገረን። ይህን ጻፈው ብንለው፣ «ጋሼ፣ ራስን ማመስገን ደግ አይደለም» አለን። በእኛ አስተያየት ግን ታማኝ ነኝ ማለት ምስጋና ነው፤ ጉድለት አልተገኘብኝም ማለት ምስክርነት ነው፤ የሚጠራጠር ሰው መዝገቡን ሊመረምር ይችላልና።

ስመ ጥሩው ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንኳ በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሚላኖ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ባረቀቀው ደብዳቤ፣ ድልድይና የጦር መሣሪያ መሥራት እንደሚችል በተራ ቍጥር ዘርዝሮ፣ ሥዕሉን ያነሣው በመጨረሻ ነው። ለገዥ በጦርነት ዘመን የሚያስፈልገውን አስቀደመለት።

የቢሮ አነጋገርም እንደዚሁ ነው። ሰላምታን እናስቀር አንልም፤ ያለ ሰላምታ የሚጀምር ንግግር ለጆሯችን ሻካራ ነው። ነገር ግን በመንግሥት ደብዳቤ ራስጌ ጉዳዩ የሚል መሥመር እንዳለ ሁሉ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ጉዳዩ ይነገር። የአማርኛ ማሠሪያ አንቀጽ በመጨረሻ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ ከረዘመ ሰሚው የተጠየቀውን ሳያውቅ ይደክማል። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ቤት የተገባ ነው፤ ለዕቃ ርክክብ ግን አይመችም። ታላቅንም በአክብሮት ማረም ይቻላል፦ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘመኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ ነው» ቢል ኖሮ ማንም ደፋር ባላለው ነበር። አለቆችም ድርሻ አላቸው፤ ታናሹ አፉን ሲከፍት የሚቈጣ አለቃ የግምጃ ቤቱን ጉድለት የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

ወጣቱ አዲሱን ወረቀት ለሌላ መሥሪያ ቤት ልኮ መልስ ይጠባበቃል።

ስለ ስምም አንድ ነገር እንጨምር። ወደ ውጭ አገር መሥሪያ ቤት የሚጽፍ ሰው የስሙ የላቲን ፊደል አጻጻፍ በፓስፖርቱ፣ በምስክር ወረቀቱና በሥራ ታሪኩ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። በዚያ አገር የቤተሰብ ስም ተብሎ የሚጠራውም የአባቱ ስም ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ፤ አባቱ የተጠሩ መስሎት ከወንበሩ ሳይነሣ የቀረ አለና።