ዳገቱን አስቤ ቁልቁለቱን ረሳሁ

የቤተ ሰባችን እንጀራ የሚገኘው በአንዲት አሮጌ የጭነት ፒክአፕ ነው። መኪናዪቱ ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ስትሆን፥ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል እህልና አትክልት አመላልስባታለሁ። ከደጋው ገብስ፥ ባቄላና ድንች ይዤ እወርዳለሁ፤ ከቆላው ደግሞ ሽንኩርት ጭኜ እመለሳለሁ። በ2009 ዓ.ም. በዚህች መኪና ላይ ያደረግሁት አንድ ሥራ፥ በአደራ የተቀበልሁትን ልጅ ሊያሳጣኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ታሪኩ ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት፥ ራሴን ሳልሸሽግ እነሆ እጽፈዋለሁ።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ጣርማ በር ይደረሳል። በጣልያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ በዚያ ይገኛል፤ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከዋሻው ባሻገር መንገዱ በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ይዘልቃል። መኪናችን ሲሄድ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ይወጣል።

መኪናዪቱ ስትሠራ የተገጠመላት ባለ 2,446 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ነበር፤ መካኒኮች 2ኤል ይሉታል። ብርቱና ታጋሽ ሞተር ቢሆንም፥ በዚያ ዳገት ላይ ግን እጅግ ይደክም ነበር። ምክንያቱም ናፍጣ ለመቃጠል አየር ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን የሚስበው በገዛ እስትንፋሱ ብቻ ነው። በጣርማ በር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ የሞተሩም ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ዐሥር ኩንታል ሽንኩርት ይዤ ስወጣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትሁ፥ ከኋላዬ ጥቁር ጭስ እየለቀቅሁ፥ ሌላው ሁሉ እያለፈኝ እደርስ ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ ከድካሙ ይልቅ የሚያቃጥለኝ መቀደሜ ነበር።

አንድ ቀን በጋራዥ ውስጥ 5ኤል የሚባለውን ባለ 2,986 ሲሲ ሞተር አየሁ። ከኔው ሞተር ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ከ92 ሚሊ ሜትር ወደ 99.5፥ የፒስተኑም ጉዞ ከ92 ወደ 96 ሚሊ ሜትር አድጓል እንጂ፥ አራትነቱና አቀማመጡ ያው ነው። ስለዚህ በአሮጌው ስፍራ ላይ ብዙ መቁረጥና መበየድ ሳያስፈልግ ይቀመጣል፤ ከነባሩም ካምቢዮ ጋር ይገጥማል። ዋጋው ግን የሦስት ዓመት ቁጠባችን ነበር። ባለቤቴ ነገሩን ስነግራት፥ «መኪናው እኮ እየሄደ ነው፤ ምን ጎደለን?» አለችኝ። እኔም፥ «ዳገቱን አንቺ አልወጣሽውም» ብዬ አፏን አስያዝኋት። ይህን ቃሌን ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

በወረቀት በኩል የሠራሁት ጥፋት የለም። ሞተሩ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን አረጋግጬ ገዛሁ፤ ከተገጠመም በኋላ መኪናውን አስመርምሬ አዲሱ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ እንዲጻፍ አደረግሁ። በዚህም እንደ ጠንቃቃ ሰው ኮራሁ። መካኒኩ ግን በዕድሜ የገፋ፥ ነገር የሚያመዛዝን ሰው ነበርና፥ ከሞተሩ ጋር ሊለወጡ የሚገባቸውን አራት ነገሮች በወረቀት ጻፈልኝ፤ እነርሱም ራዲያተር፥ ፍሪሲዮን፥ የፍሬን ሸራ ከነታምቡሩ፥ የፍሬን ዘይት ነበሩ። ገንዘቤ እያለቀ ስለ ነበር ራዲያተሩንና ፍሪሲዮኑን ተቀብዬ፥ የፍሬኑን ሁለቱን በብዕር ሰረዝሁ። «ፍሬኑ እስከ ዛሬ ይይዛል፤ ሥራ ከጀመርሁ በኋላ አስለውጠዋለሁ» አልሁት። ሽማግሌውም፥ «ወንድሜ፥ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

አዲሱ ሞተር በእውነት ደስ የሚያሰኝ ነበር። በሁለተኛ ማርሽ እጎተትበት የነበረውን ዳገት በሦስተኛ ወጣሁት። መጀመሪያ ዐሥር ኩንታል ጫንሁ፤ ሞተሩ አልተሰማውም። ዐሥራ ሦስት አደረግሁት፤ ያም ቀላል ሆነ። ሁለት ወር ሳይሞላ ባሌስትራ አስጨምሬ፥ የጭነቱን ዳር በሳንቃ አስረዝሜ፥ ሃያ ኩንታል መጫን ጀመርሁ። መኪናዪቱ የተሠራችው ለአንድ ቶን፥ ማለት ለዐሥር ኩንታል ነው። ይህን አላጣሁትም፤ ነገር ግን ሞተሩ ዝም ሲለኝ የተፈቀደልኝ መሰለኝ። ገንዘብም ይገባ ጀመር። ስለ ፍሬኑ ለራሴ የገባሁት ቃል ግን ከወር ወደ ወር ይተላለፍ ነበር።

በዚያን ጊዜ የባለቤቴ ወንድም ልጅ በረዳትነት ከእኔ ጋር ይሠራ ነበር። አባቱ ስለ ሞተ እናቱ፥ «እንደ ልጅህ ይዘህ ሥራ አስተምርልኝ» ብላ በአደራ የሰጠችኝ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ማታ ይማራል፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ከበሮ መቺ ነው። ታኅሣሥ 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ሃያ ኩንታል ድንችና ባቄላ ጭነን ማልደን ተነሣን። ማግስቱ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ስለ ነበር፥ ልጁ ለማሕሌቱ እንዲደርስ፥ እኔም የሽንኩርቱን ገበያ እንዳይዘጋብኝ ቸኮልን።

በጣርማ በር ጭጋግ ነበር። ከዋሻው ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ተገለጠና መንገዱ ታየ። የቀድሞው አሽከርካሪ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይላል። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ ፍሬን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ግን በችኮላዬ በአራተኛ ማርሽ ለቀቅኋት፤ በየመጠምዘዣው ፍሬን እይዝ ነበር። ልጁ፥ «ጋሼ፥ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለኝ። «የፊተኛው መኪና ነው» አልሁት። ፊት ለፊታችን መኪና አልነበረም።

በሚቀጥለው መጠምዘዣ ላይ ፍሬኑን ብረግጠው እግሬ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደጋግሜ ረገጥሁ፤ ምንም አልያዘም። ማርሽ ቀነስሁ፤ ከፍጥነታችን የተነሣ ሦስተኛው ብቻ ገባልኝ። የእጅ ፍሬኑን ብስበው ጭሱ በረታ እንጂ መኪናው አልቆመም። በግራ በኩል ገደል፥ በቀኝ በኩል ተቆርጦ የቆመ ዐለት ነበር። ልጁ የተቀመጠው በቀኝ ነው። ይህን እያወቅሁ መሪውን ወደ ቀኝ አዞርሁ፤ ሌላ አልነበረኝምና። መኪናዪቱ ዐለቱን እየፋቀች፥ ከቦዩ ውስጥ ገብታ፥ አንድ ጎኗን አስደግፋ ቆመች። ድንቹ በመንገዱ ላይ ተበተነ። ልጁ አልጮኸም፤ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ይዞ፥ «ጋሼ፥ ደኅና ነህ?» አለኝ።

ክንዱ ከሁለት ስፍራ ተሰብሮ ነበር። የአገሩ ሰው ደርሶልን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። በዓለ ገብርኤልንና በዓለ ልደትን እጁ በጄሶ ታስሮ አሳለፈ። በልደት ሌሊት ሌላ ልጅ ከበሮውን ሲመታ፥ እርሱ ከምሰሶው ሥር ቆሞ በግራ እጁ ጭኑን እየነካ ምቱን ሲከተል አየሁት። ከዚያ ወዲያ ቀና ብዬ ለማየት አልቻልሁም።

የሆነውን ነገር ሽማግሌው መካኒክ በኋላ አስረዳኝ። ፍሬን ማለት የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። የመኪናውና የጭነቱ ጠቅላላ ክብደት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። የፍሬን ዘይትም ከጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚስብ፥ አሮጌው ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ የእግርን ኃይል ወደ ጎማው አያደርስም። የሰረዝኋቸው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰዓት አብረው ከዱኝ።

ከበዓለ ልደት በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ነገሩን ስነግራቸው ስለ ፍሬኑ እርጅና፥ ስለ ቁልቁለቱ ክፋት፥ ስለ ጭጋጉም ብዙ አወራሁ። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፥ «ልጄ፥ ጥፋቱን ሁሉ ለፍሬኑ ሰጠኸው» አሉኝ። «ፍሬኑ ዐሥር ኩንታል እንዲይዝ ተሠርቶ፥ ዐሥር ኩንታል ሲይዝ ኖሯል። ሃያ ያደረግኸው አንተ ነህ። ደግሞስ ጌታችን ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ማስተማሩን ስንት ጊዜ ሰምተሃል? አንተ የሞተሩን ቈጥረህ የልጁን ሳትቈጥር ቀረህ።» እኔም፥ «አባቴ፥ ምን ላድርግ?» አልኋቸው። ቀኖናዬም ይህ ሆነ፤ ከዐሥር ኩንታል በላይ በመጫን ያገኘሁትን ትርፍ አስልቼ ለልጁ ሕክምናና ትምህርት እንዳውል፤ ወደ እናቱም ሽማግሌ ሳልልክ ራሴ ሄጄ፥ እውነቱን እንድነግራት።

ገንዘቡ አልከበደኝም፤ መንገዱ ከበደኝ። እናቱ እስከዚያ ቀን አደጋው ከመኪና ብልሽት የመጣ ይመስላት ነበር፤ እኔም እንዲመስላት ትቻት ነበር። ሰርዤ የመለስሁትን የመካኒኩን ወረቀት ይዤ ሄድሁና አሳየኋት፤ ጽሑፉንም አነበብሁላት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻም፥ «ይቅር ለእግዚአብሔር። ልጄ ግን ለጊዜው ከእኔ ጋር ይቀመጥ» አለችኝ። ይቅርታዋ እውነተኛ ነበር፤ አደራዋን መልሳ መውሰዷም እውነተኛ ነበር። ሁለቱም ተገቢ መሆናቸውን ተቀብዬ ተመለስሁ።

መኪናዪቱን ሳድስ በመጀመሪያ ያስለወጥሁት ፍሬኑን ነው፤ ታምቡሩን፥ ሸራውን፥ ቱቦውንና ዘይቱን ሁሉ። የጭነቱን ዳር ያስረዘምሁበትን ሳንቃ አስነሣሁ። ትልቁ ሞተር ግን አሁንም አለ፤ በእርሱ ላይ ቂም የለኝም። ለዳገቱ በእውነት ይረዳል፤ ዐሥር ኩንታሉን ሳይጨነቅ ያወጣልኛል፤ ይህም በቂዬ ነው። ከዋሻው ስወጣ ማርሹን ሁለተኛ አደርጋለሁ፤ የሚያልፈኝ ሁሉ ይለፈኝ። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ ሳትሰማ የሚወጣ ገንዘብ የለም።

ከትንሣኤ በኋላ በአንድ ማለዳ፥ ስንጭን ሳለን የልጁ እናት ነጠላዋን ተከናንባ ከልጇ ጋር መጣች። ሰላምታ ሰጥታን ወደ መኪናዪቱ ኋላ ዞረችና ጆንያዎቹን በጣቷ እያመለከተች አንድ በአንድ ቈጠረች። ዐሥር ነበሩ። ደግማ ቈጠረች። ከዚያም ልጇን፥ «በል ግባ» አለችው።

እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በቤታችሁ ጉልበት ስትጨምሩ፥ መኪናም ይሁን ንግድ ወይም ሌላ ሀብት፥ ከእርሱ ጋር የሚጨመረውን መያዣ አስቀድማችሁ ቈጥሩ። በአደራ የሰጡንም ሰዎች መጥተው ሲቈጥሩ የማያሳፍር ሸክም እንዲገኝብን እግዚአብሔር አስተዋይ ልቡና ያድለን። አሜን።