ጨነቅ ላይ የጨነቀኝ ሌሊት

"ብቻዬን ድንኳኔን አዝዬ ስሜን ተራሮችን ባዳርስ ምን ይለኛል?" ብላችሁ የምታስቡ ወጣቶች ካላችሁ ይህቺን አንብቡልኝ። እኔም ብዬ ነበር፤ ሄጄም ነበር። አመላለሴ ግን እንደ አወጣጤ አልሆነም።

የትክል ድንጋይ ልጅ ነኝ። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የላይ አርማጭሆዋ ከተማ ማለቴ ነው። ከእኛ ቁልቁል ሲወረድ ሳንጃ ነው፤ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ አያድርስ! "ቆላ ያስፈራል እንጂ ደጋ ለደጋ ልጅ ምኑ ነው?" እያልኩ ነው ያደግሁት። ጥፋቴም የጀመረው ከዚሁ ነው።

ጊዜው ጥር 2010 ዓ.ም. ነው። ጥምቀትን ጎንደር እንዳከበርን ጓደኞቼ "ቅዳሜን ጠብቅና አብረን እንሂድ" ቢሉኝ "እናንተ ለጭፈራ እንጂ ለተራራ አትሆኑም" ብዬ ተሳለቅሁባቸው። የተዋስኳትን ድንኳን፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ቆሎና በሶ ሸክፌ በማለዳ አውቶብስ ተሳፈርኩ። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ስደርስ "ስካውት ይዘህ ነው የምትገባው" ተባልኩ። ብቻዬን መሆኔ ገና በሩ ላይ ቀረ ማለት አይደል? ክላሽ ያነገቱ፣ ጋቢ የደረቡ ጎልማሳ ተመደቡልኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ አላለኝም።

"ዛሬ ሳንቃበር እንደር፤ ነገ ግጭ፤ ከዚያ ጨነቅ" አሉኝ። እኔ ግን ወደ ጃናሞራ የሚሄድ አይሱዙ ሳይ ዘልዬ ወጣሁ። "ጋሼ፣ እኔ የማድረው ጨነቅ ነው!" ዝም ብለው ተከተሉኝ።

መንገዱስ ልብ ይሰርቃል! ጭላዳዎች መንጋ ሆነው ሣር ይነጫሉ፤ አስታው ሲያልቅ ጅብራው ብቻውን ይቆማል፤ ገደሉ ሥር የለውም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር የገባው ያለ ነገር አይደለም።

ሌሊት ግን ጉድ መጣ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ጨነቅ 3,600። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር መውጣቴ ነው! ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ በሶዬን መለስኩት፤ ትንፋሽ አጠረኝ። "ብርዱ ነው" ብዬ ዋሸሁ።

"ልጄ፣ ብርድ አያስመልስም። ደጋው ነው የያዘህ። ጎህ ሲቀድ እንወርዳለን።"

"ጋሼ፣ ቧሂትን ሳልወጣማ አልመለስም!"

"ቧሂት የትም አይሄድ። ኋላም ታገኘዋለህ።"

ጋቢያቸውን አልብሰውኝ ሲነጋጋ አየኋቸው፤ ድንኳኑ ደጃፍ ተኮራምተው ተቀምጠዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቁኝ አድረዋል ለካ! አፈርኩ። በመጀመሪያው መኪና ወረድን፤ ደባርቅ ሻይ ስንጠጣ ራስ ምታቴ ለቆኝ ነበር።

እናንተስ? የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እደሩ፤ ቀጥሎ ሳንቃበር። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ራስ ምታት ከትውከት ጋር ከመጣ ወደ ላይ መሄድ የለም፤ ከባሰ ወደ ታች ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። አረቄ "ያሞቃል" የሚላችሁን አትስሙ። እሳት በዘፈቀደ አታንድዱ፤ በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ተቃጥሎ ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቶ ነበር። ከሁሉ በፊት ግን ሰላሙን ጠይቁ፤ ክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግጭት ሲንጠው ከርሟል። ደባርቅ ካለ ዘመድ ወሬ ሳትሰሙ ከቤት አትውጡ።

በዓመቱ ከነዚያው ከተሳለቅሁባቸው ጓደኞቼ ጋር ተመልሼ ቧሂት ወጣሁ፤ በአራተኛው ቀን፣ ቀስ ብዬ። ለጋሼም አዲስ ጋቢ ይዤላቸው ሄድኩ።