ግሱ የት ሄደ?

ልጆቻችን እንግሊዝኛ ሲሳሳቱ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አማርኛ ነው። «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሯት ነው» ይባላል፤ እኛም ቶሎ እናምናለን።

ሰሞኑን የሦስተኛ ክፍል ልጃችን ስለ ዘመዶቿ ስትጽፍ «ማይ አንክል ኤ ድራይቨር፣ ኤንድ ማይ አንት ኢዝ ኤ ነርስ» ብላ ነበር። ደብተሩ በቀይ ተሰርዞ፣ «እቤት በእንግሊዝኛ አናግሯት» የሚል ማሳሰቢያ ተጽፎበት መጣ። ባለቤቴ ከዛሬ እንጀምር አለ። እኔ ግን አመነታሁ። አብራን የምትኖረው እናቴ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። እቤት እንግሊዝኛ ብቻ ከተወራ አያትና የልጅ ልጅ በምን ሊጨዋወቱ ነው?

በማርኬቲንግ ሥራዬ አጭር ጽሑፍ ላይ ቃል መመዘን ስለለመድኩ ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ አየሁት። በአማርኛ «አጎቴ ሹፌር፣ አክስቴ ደግሞ ነርስ ናቸው» እንላለን። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ከፊተኛው ሐረግ እንተወዋለን፤ ኋላ የሚመጣው ለሁለቱም ይበቃል። እንግሊዝኛ ግሱን የሚያስቀምጠው ከባለቤቱ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይናገረውና ከሁለተኛው ሐረግ ላይ ይተወዋል፦ «ማይ አንክል ኢዝ ኤ ድራይቨር፣ ኤንድ ማይ አንት ኤ ነርስ»። የግስ ቦታና የሚተውበት አቅጣጫ እንደሚያያዙ የቋንቋ ተመራማሪው ጆን ሮበርት ሮስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቷል።

ልጃችን የአማርኛውን ደንብ በትክክል ይዛ ወደ እንግሊዝኛ ተሻግራለች። ይህን ያደረገች ልጅ ቋንቋ አይገባትም ሊባል አይችልም።

ለወላጅ የሚበቃው መመሪያ ቀላል ነው። በእንዲህ ያለው የእንግሊዝኛ አነጋገር ግሱ የሚተወው ቀድሞ ከተነገረ ነው። «ሺ ካን ስዊም፣ በት አይ ካንት» ሲባል «ስዊም» አስቀድሞ ስለተሰማ መድገም አያሻም። ጀማሪ ልጅ ግን «ኢዝ»ን ሁለቱም ቦታ ብትጽፈው ስህተት አይሆንም፤ ለጊዜው ይኸው ይሻላታል።

እንግዲህ ልጅዎ እንዲህ ያለ ስህተት ይዞ ሲመጣ ከመቆጣትዎ በፊት ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ግሱ የት እንዳለ አብራችሁ አክብቡ። እኛም የቤት ሥራውን በሁለቱም ቋንቋ እያየን ነው፤ የማታው ተረት ግን አሁንም በአማርኛ ነው።